የማይሞላ ወረፋ

«ሲስተም የለም» ሲባል ሁሉም ጣቱን ወደ ኔትወርክ ይቀስራል። አንዳንዴ ግን ኔትወርኩ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው ወረፋው ላይ ነው።

በጃቫ የተሠራ አገልግሎት የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ መላክን የመሰለ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ከጀርባ እንዲያልቅ ለ«ትሬድ ፑል» ይሰጠዋል። የሠራተኞች ቡድን በሉት። ስፕሪንግ ቡት በራሱ ሲያዋቅረው 8 ሠራተኛና ወሰን የሌለው ወረፋ ያዘጋጃል። ባለሙያው «ሲጨናነቅ እስከ 50 ይድረስ» ብሎ ቢጽፍም 9ኛው አይመጣም። ጃቫ ተጨማሪ ሠራተኛ የሚያስገባው ወረፋው ሲሞላ ነው፤ ወሰን የሌለው ወረፋ ደግሞ መቼ ሊሞላ! 50ው ለጌጥ ተቀመጠ ማለት ነው።

ኤስኤምኤስ የሚያስተላልፈው ወገን ሲዘገይ 8ቱም እዚያው ይታሰራሉ። አዲሱ ጥያቄ ሁሉ «እሺ» እየተባለ ይከመራል፤ ሜሞሪው እስኪያልቅ ስህተት የሚባል ነገር አይታይም። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ክምሩም አብሮ ጠፍቷል።

ወረፋው ወሰን ይኑረው፤ ሲሞላም «አሁን አልችልም» ይበል። ይህን እንደ ውድቀት የሚቆጥር አለቃ አይጠፋም። ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው፦ አንዱ መልእክት 2 ሴኮንድ ከፈጀ 8ቱ ሠራተኞች በሴኮንድ 4 ብቻ ይልካሉ፤ 1000ኛው ሰው ከ4 ደቂቃ በላይ ይጠብቃል። ኮዱ ሲደርሰው ብዙ ጊዜ አገልግሎቱ አልፎበታል።