የዶርማችን ልጅና ጠጠሩ



ባለፈው ረመዷን ከዶርማችን ልጆች አንዱ መጾም አቁሞ ነበር። እኛ ለሱሑር ስንነሳ እሱ ተኝቷል። ቀን ቀን የውሃ ፕላስቲኩን ከብርድ ልብሱ ስር ይደብቃል። አንድ ቀን ሲጠጣ አየነው። ምንም አላልነውም፤ ግን እርስ በርሳችን ተያየን፣ መተያየታችንንም አየ። እስካሁን የምታንገበግበን እሷ ናት።

የኩላሊት ጠጠር እንዳለበት እናውቅ ነበር። ምክራችን ያው የተለመደው ነው፦ «ውሃ ስለማትጠጣ ነው፣ ጠጣ፣ ይወጣልሃል።» አንዴ ወጥቶለትም ነበር። ከወራት በኋላ ግን ያው ቀኝ ጎኑን ያመው ጀመር።

ሲቲ ስካን ሲነሳ ሌላ ነገር ታየ። ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርደው ቱቦ ዩሬተር ይባላል፤ ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። የእሱ የቀኙ ዩሬተር ደምን ወደ ልብ በሚመልሰው ትልቁ የደም ሥር በስተኋላ ዞሮ፣ እንደ ዓሣ መንጠቆ ታጥፎ ነው የሚያልፈው። የደም ሥሩ ይጫነዋል። ከ1000 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይፈጠራል፤ ሳያውቀው የሚኖርም አለ። የገረመን፣ በእናት ማህፀን አስተዳደጉ የተለወጠው የደም ሥሩ እንጂ ቱቦው አለመሆኑ ነው።

ሃይድሮሊክስ የተማርን ሰዎች እኮ ነን! ፍሰት ሲዳከም ደለል እንደሚቀመጥ ፈተና ላይ ጽፈናል። ከጠበበው ቦታ በላይ ሽንት ይጠራቀማል፣ ኩላሊቱ ያብጣል፣ ጨዉ ጊዜ አግኝቶ ይረጋና ጠጠር ይሆናል። ውሃ ሽንቱን ያቀጥናል እንጂ ቱቦውን አያሰፋም። ጠጠሩ ብቻ ቢወጣ ሌላ ሊሠራ ይችላል፤ ዝም ከተባለ ደግሞ ኩላሊቱ ራሱ ይጎዳል።

እስኪታከም እንዳይጾም ያዘዘው ሐኪሙ ነበር። የታመመ ሰው በሌላ ቀን ቀዷ እንደሚያወጣ መድረሳ ሳለን ተምረናል። ያየነው ቀን ግን ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

በኦፕራሲዮን ቱቦውን ቆርጠው፣ ከደም ሥሩ ፊት አምጥተው መልሰው ሰፉት፤ ጠጠሩም አብሮ ወጣ፣ አልሐምዱሊላህ። ልንጠይቀው ሄደን «አፉ በለን» አልነው። «ለምን?» አለን። እያወቀ ነው።

ጠጠር ወጥቶላችሁ የሚመለስባችሁ ካላችሁ፣ ለምን እንደሚመለስ ሐኪም ጠይቁ። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት ካለ ደግሞ ለነገ አታሳድሩት።

ሐኪሙ ከፈቀደለት ወዲህ ሰኞና ሐሙስ ቀዷውን እያወጣ ነው። ከመግሪብ እስከ ሱሑር የሚጠጣውን ውሃ በተራ እንቆጥርለታለን። ስንቆጥር ይበሳጫል።