ያቺ «ሲ» ከየት መጣች?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ራሴ ስሕተት ነው።

ለዕረፍት ቤት በሄድኩ ጊዜ 12ኛ ክፍል የደረሰው ታናሽ ወንድሜ የካልኩለስ ደብተሩን ይዞ መጣ። «አንቲዴሪቬቲቭ ስናወጣ መጨረሻ ላይ የምንደምራት ሲ ምንድን ናት?» አለኝ። ዕጩ መምህር ነኝና «አላውቅም» ማለት አሳፈረኝ። «ዝም ብለህ ጻፋት፤ አለዚያ ማርክ ይቀነስብሃል» አልኩት። እኔም ስማር የተነገረኝ ይኸው ነበር። ልጁ ደብተሩን አጥፎ ወጣ።

በማግሥቱ ጧት በርሜል እሞላለሁ። የሰፈራችን ቧንቧ ሲከፈት ደከም ብሎ ይጀምርና እየጠነከረ ይሄዳል። እናቴ «ስንት ሊትር ደረሰ?» አለችኝ። ሰዓቴን አየሁና «5 ደቂቃ ሆኖታል፣ 45 ቢሆን ነው» አልኳት። «የትናንቱስ? በርሜሉ ባዶ ነበር እንዴ?» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ወንድሜን ጠራሁና ደብተሩን አስከፈትኩት።

«ውኃው የሚገባበት ፍጥነት በደቂቃ 2ቲ + 4 ሊትር ነው እንበል፤ ቲ ያለፈው ደቂቃ ነው። አንቲዴሪቬቲቩ ቲ² + 4ቲ + ሲ ይሆናል። ፍጥነቱ የሚነግረን የተጨመረውን ብቻ ነው። ባዶው በርሜልም፣ ግማሽ ድረስ የነበረውም በዚሁ ፍጥነት ይሞላል። ስለዚህ መልሱ ብዙ ነው። የኛን በርሜል ለይተን ለማወቅ አንድ ጊዜ መለካት አለብን። በ3ኛው ደቂቃ ለክተን 41 ሊትር አገኘን እንበል። 9 + 12 + ሲ = 41 ነውና ሲ 20 ናት። እንግዲህ በ5ኛው ደቂቃ 25 + 20 + 20፣ ማለትም 65 ሊትር ይኖራል።»

ልጁ ትንሽ አሰበና ቲን ዜሮ አድርጎ ተካ። «እንዴ! ሲ የትናንቱ ውኃ ናታ! አንድ ጀሪካን!» አለ። መለኪያው በ3ኛው ደቂቃ ቢሆንም መነሻውን ራሱ ፈልጎ አገኘው።

ጓደኞቼ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ 12ኛን መጨረሴ ብዙም አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ የሚጠይቅን ልጅ በማርክ አስፈራርቼ ዝም ማሰኘቴ ነው። ያ ልጅ ወንድሜ ስለሆነ ተመልሶ መጣ። ነገ በየገጠሩ የምናስተምራቸው ሕፃናት ግን አንድ ጊዜ ደብተራቸውን ካጠፉ ማን ይመልሳቸዋል? እንግዲያስ «አላውቅም፣ ነገ አብረን እናየዋለን» ማለትን ከአሁኑ እንልመድ።

ከአንድ ሠልጣኝ