ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ፦ የኃያላን ዛቻና ምራቂ

የዚህ ወር ጉዟችን አውሮፕላንም ሆነ የረጅም መንገድ አውቶቡስ የሚያስፈልገው አልነበረም። የቤታችን የከሰል ምድጃ ወገቡ ተበልቶ አመድ ማፍሰስ ከጀመረ ሰንበትበት ብሏልና፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዘንቢላችንን አንጠልጥለን ከአውቶቡስ ተራ በእግራችን ወደ ምናለሽ ተራ አዘገምን። ሐሳባችን ምድጃውን ገዝተን፣ ዙህርን በታላቁ አንዋር መስጊድ ሰግደን፣ ለምሳ ወደ ቤት መመለስ ነበር። ይሁን እንጂ መርካቶ የገባ ሰው ባሰበው ሰዓት አይወጣም። እኛም ዐስርን እዚያው ሰግደን ነው የወጣነው።

ምናለሽ ተራን የማያውቅ ካለ፣ ከመዶሻው ድምፅ የተነሳ ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው ካልተነጋገሩ የማይደማመጡበት ሰፈር ነው። ሌላው ቦታ ሰው የጣለው ዕቃ እዚህ እንደገና ይወለዳል። በርሜል ተፈልጦ ባልዲ ይሆናል፤ አሮጌ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይወጣዋል። እኛም አንዱን መርጠን ክርክር ጀመርን። ባለሱቁ ዋጋውን ጠራ፤ እኛ ከግማሽ በታች አልን፤ እርሱ ሳቀ። በመጨረሻ "እንግዲያው ትተንህ እንሄዳለን" ብለን ጀርባችንን ስናዞር ጠራንና፣ ዋጋውን ሳይቀንስ አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ማንኪያ በምራቂ ጨመረልን። ደስ ብሎን ገንዘቡን ልናወጣ ስንል፣ አጠገቡ በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሐጂ ጣልቃ ገቡ።

"ልጆቼ፣ ምራቂ ሲጨመርላችሁ ዋናውን ዕቃ መልሳችሁ እዩት። ይህን አባቴን ያስተማረው ጣሊያን ነው" አሉ።

ምድጃውን ገልብጠን ብናየው እግሩ አልተበየደም። ባለሱቁ አፍሮ ለብየዳ ወሰደው፤ እኛም እስኪመለስ ከሐጂ ጎን ተቀመጥን። ያን ቀን የሰማነውንና ከዚያ ወዲህ ከታሪክ መጻሕፍት ያገላበጥነውን ነው እዚህ የምናካፍላችሁ።

ለመሆኑ መርካቶ ስሟን ከየት አመጣች? ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ትርጉሙም ገበያ ማለት ነው። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ፋሽስቶች ከተማዋን ከያዙ በኋላ ግን ነጭና ጥቁር በአንድ ሰፈር መኖርም መገበያየትም የለባቸውም ብለው፣ አራዳን ለራሳቸው አስቀርተው የአገሩን ሰው ወደ ምዕራብ ገፉት። ለተገፋው ሕዝብ የተሰጠው ቦታ "መርካቶ ኢንዲጄኖ"፣ የአገሬው ገበያ ተባለ። በእኛው አፍ ደግሞ አዲስ ከተማ ሆነ። የሐጂ አባት በአራዳ አቡጀዲ ይሸጡ ነበርና፣ አንድ ቀን ዕቃቸውን በአህያ ጭነው እንዲነሡ ታዘዙ። ዛሬ በኩራት "መርካቶ ተወልጄ" የምንልበት ስም፣ መነሻው "ከእኛ ጋር አትገበያዩ" የሚል ትእዛዝ መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ጣሊያን ግን እዚህ የደረሰው ብቻውን አልነበረም። ገና እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ተቀምጠው፣ ዐፄ ምኒልክን ሳያማክሩ፣ አገራችንን የየራሳቸው ጥቅም ያለበት ክልል አድርገው ተዋዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1925 ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን በደብዳቤ ተስማሙ። ጣሊያን እንግሊዝ በጣና ላይ ልትሠራው ያሰበችውን ግድብ ትደግፋለች፤ እንግሊዝ በበኩሏ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የባቡር መስመር በአገራችን ላይ እንድትዘረጋ ትደግፋለች። የገዛ ጓሮህን ሁለት ጎረቤቶች ሲመራረቁበት እንደማየት ነው። ራስ ተፈሪ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ብለው ያን ጊዜ ነገሩ ከሸፈ።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ወልወል የውኃ ጉድጓዶች አጠገብ ተኩስ ተከፈተ። ቦታው ከድንበሩ ወደ ውስጥ ርቆ በኢትዮጵያ ምድር የሚገኝ ቢሆንም፣ ካሳና ይቅርታ የጠየቀችው ጣሊያን ነበረች። ከአንድ ወር በኋላ የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫል ሮም ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር ተፈራረመ። ፈረንሳይ ጀርመንን ፈርታለች፤ የጣሊያንን ወዳጅነት ትፈልጋለች። ከከፈለችው ዋጋ መካከል የጅቡቲ አዲስ አበባ ምድር ባቡር 2,500 አክሲዮኖች ይገኙበታል። የአራዳ ነጋዴ ጨርቅና ጨው የሚመጣለት በዚያ ሐዲድ እንደነበር ልብ በሉ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው ተጀመረ። ሃምሳ የሚጠጉ መንግሥታት ጣሊያንን ጥፋተኛ ብለው ከኅዳር 8 ጀምሮ ማዕቀብ ጣሉባት። ሲሰሙት ትልቅ ነገር ነው። ማዕቀቡ ግን ነዳጅን አልነካም። ሙሶሊኒ ነዳጅ ከተከለከልኩ ጦርነት ነው ብሎ ስለዛተ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ነገሩን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ አስተላለፉት። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የጣሊያን ወታደርና የመርዝ ጋዝ የቦዩን ክፍያ እየከፈሉ አለፉ። አስቀድሞም ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ተብሎ ነበር። ጣሊያን መሣሪያውን በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራለች፤ የተከለከለችው ኢትዮጵያ ብቻ ናት። እኛ እንደሚመስለን ከዛቻ ሁሉ የከፋው ይህ እኩል የሚመስል ክልከላ ነው።

ከዚያ ምራቂው መጣ። ኅዳር 28 የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ፓሪስ ላይ አንድ ዕቅድ ነደፉ። ኢትዮጵያ ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለጣሊያን ትለቃለች፤ ደቡቡም የጣሊያን ሰፋሪዎችና ኩባንያዎች እንዲስፋፉበት ይከለላል። በምትኩ እስከ አሰብ የምትወስድ ቀጭን መሬት ይጨመርላታል። ይህን ስናነብላቸው ሐጂ ማንኪያችንን አንሥተው አሳዩን። ዕቅዱ በጋዜጣ ወጥቶ የእንግሊዝ ሕዝብ ስለተቆጣ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። ሆኖም የኃያላኑ ልብ የት እንዳለ ሙሶሊኒ አይቷል። ሚያዝያ 27 ጦሩ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ጄኔቭ ላይ አቤት አሉ፤ ሐምሌ 8 ቀን ማዕቀቡ ተነሣ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ፤ ይህን ጉዳይ ሸፍኖ ማለፍ ተገቢ አይመስለንምና። ፋሽስት ጣሊያን ለሙስሊሞች ስጦታ ይዞ ነበር የመጣው። በብዙ ቦታ መስጊድ አሠራ፤ ቃዲዎችን ሾመ፤ ዐረብኛ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ አደረገ፤ ሐጅ ለሚሄዱ ወጪ ቻለ። አባቶቻችን ከዚያ በፊት በገዛ አገራቸው የሥልጣን በር የተዘጋባቸው፣ በብዙ ቦታ መሬት የተነፈጉ፣ በዓላቸው በመንግሥት የማይታወቅ ነበሩ። አዛን ከፍ ብሎ ሲሰማ ከመካከላቸው ያለቀሱ እንደነበሩ ሐጂ ከአባታቸው ሰምተዋል። እኛም ዛሬ ሆነን አንፈርድባቸውም። ወራሪው የገባው እኛው ሳንጠግነው በተውነው ስንጥቅ ነው።

ግን ስጦታውን የሚሰጠው እጅ የማን ነበር? የአዲስ አበባው እንደራሴ ግራዚያኒ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሊቢያ ውስጥ ሕዝቡን ከነከብቱ በረሃ ላይ በሽቦ ያጎረ፣ የሰባ ዓመቱን ሽማግሌ ዑመር አል-ሙኽታርን እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1931 በሕዝብ ፊት ያሰቀለ ሰው ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ሲጣልበት፣ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ በአካፋ፣ በእሳትና በጥይት ታረደች፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቦታል። ከዚያ በኋላ በ27ኛው ቀን፣ መጋቢት 9፣ ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ በፈረስ ተቀምጦ "የእስልምና ሰይፍ" የተባለ ሰይፍ ከፍ አድርጎ፣ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ አለ። ቀኖቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ሐጂ ዝም ብለው ቆዩና "አባቴ ይህን ቢያውቁ ኖሮ..." ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

ይህን ቀድመው ያወቁም ነበሩ። ዑመር ሰመተር የተባለው የሶማሌ አርበኛ ጣሊያንን ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተዋጋ ሲሆን፣ ወልወል ላይና ኋላም ጎራሃይ ላይ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተሰልፏል። ጎራሃይን ሲያዝ የነበረው አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ክርስቲያን ነው፤ እዚያው በደረሰበት ቁስል ሞተ። በተቃራኒው ግራዚያኒ በኦጋዴን ግንባር ያሰለፋቸው አብዛኞቹ የሊቢያና የሶማሊያ ሙስሊም ወታደሮች ነበሩ። የተገደለባቸው ሕዝብ ልጆች ሌላውን ሊገድሉ ተላኩ።

የኃያላን ጫና በገበያውም ገብቷል። የሐጂ አባት ሊሬውን ተቀብለው ጠገራ ብራቸውን ግን ወለል ሥር ቀበሩት። ብዙው ነጋዴ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ወረቀት የሚከበረው ባለቤቱ እስካለ ድረስ ነውና። በአገሪቱ ካሉት ታላላቅ የንግድ ቤቶች አንዱ የነበረውን የሕንዳውያን ሙስሊሞች መሐመድ ዐሊ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1937 ከአገር ያስወጣው ያው "የሙስሊሞች ጠባቂ" ነበር። ጣሊያን ከተባረረ በኋላም መርካቶ ወዲያው በራሷ ገንዘብ አልተገበያየችም። እንግሊዝ ነፃ አውጪ ሆና ገብታ በ1934 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አማካሪዎቿን አስቀመጠች፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ በገበያችን ዞረ። የራሳችን ብር የወጣው በ1937 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሐውድ የተመለሰልን ደግሞ በ1947 ዓ.ም. ነው። ነፃ መውጣታችንም ምራቂ ነበረው ማለት ነው።

ዙህር ደረሰና ወደ አንዋር ሄድን። ከሶላት በኋላ ሐጂ በር ላይ ቆመው በእጃቸው መንገዱን እያሳዩ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.ን አስታወሱን። ያን ቀን ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ለሙስሊሞች እኩልነት በአዲስ አበባ ጎዳና ወጣ። ሐጂ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ ከጎናቸው የሄደው የራጉኤል ሰፈር ልጅ ጫማው ተበጥሶ በባዶ እግሩ እንደጨረሰ ይስቁበታል። ሦስቱ በዓሎቻችን ከዚያ በኋላ የሕዝብ በዓል ሆኑ። ማንም የውጭ መንግሥት በሰይፍም በስጦታም አላመጣቸውም።

"የዛሬዎቹስ?" አልናቸው፣ በዱባይ ተራ በኩል ስንመለስ። ሐጂ ሬዲዮ የሚያዳምጡ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ በዓባይ ግድብ ሳቢያ የእርዳታ ገንዘብ ስትይዝ፣ በጥቅምት ወርም ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው ትችላለች ብለው ሲናገሩ፣ ሐጂ የገዙትን ቦንድ ከሣጥን አውጥተው ዳግም ቆጥረውታል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከአጎዋ ስንወጣ ግን፣ የከፈለችው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የሦስት ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ ቃል ስትገባስ? ሰጪው ሙስሊም አገር በመሆኑ ደስ ያለን ብዙዎች ነን። እንዲህ ያለው ስጦታ ከየትም ይምጣ መገልበጥ አለበት ብንል፣ የሚቀየሙን አንባብያን እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ ይቀየሙን።

ምድጃው ተበይዶ ጠበቀን። ባለሱቁ ለብየዳው ተጨማሪ ጠየቀ፤ ሐጂ ዐይን ዐይኑን ሲያዩት ተወው። ማንኪያዋን መልሰን ልንሰጠው ብንሞክር አልቀበልም አለ። አሁን ከሰል ማውጫ ሆናለች፤ እጀታዋ ትንሽ ያቃጥላል።