ባርክሊ ላይ ያየኋት ጎጆ

ክንዴ ላይ ሳንቲም የምታህል ጠባሳ አለችኝ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ እጅጌያችሁን ብትሰበስቡ ብዙዎቻችሁ ታገኟታላችሁ። ልጆቻችን ክንድ ላይ ያለችው ትንሿ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ናት፤ የእኛ የፈንጣጣ ነው።

ባለፈው ዓመት አራስ ልጄን ልጠብቅ እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ሄድኩ። ሕፃኑ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል የክትባት ቀጠሮ ደብዳቤ መጣ። ልጄ አንብባ አጥፋ አስቀመጠችው። “ትንሽ ይደር እማዬ፣ የሚወራው ብዙ ነው” አለችኝ። ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ስከትብ ኖሬ ነገሩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ግን በሰው ጎጆ ነውና ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ዕለት አማቼ እንንሸራሸር ብሎ ባርክሊ ወደምትባል ከተማ ወሰደን። በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ከተማ ይበሏት እንጂ ጥቂት መንገዶች ናት። የቤተ ክርስቲያኗ ደወል ቤት ከሕንፃው ተነጥሎ ለብቻው ቆሟል። ከጎኑ ንጉሥ ኤድዋርድ ሁለተኛ ታስሮ በ1327 እ.ኤ.አ. ተገደለበት የሚባለው ግንብ አለ። እኔ ግን ዓይኔ የሄደው ከከተማዋ ጀምሮ እስከ ሰቨርን ወንዝ ወደሚዘረጋው መስክና ወደ ላሞቹ ነው። አገሩ ከጥንት የወተትና የአይብ አገር ነው። የላም ፈንጣጣ እጇን የያዛት አላቢ የሰው ፈንጣጣ አይነካትም የሚለውን ዕውቀት ያቆዩትም የከብት ሰዎች ናቸው።

የዚያ አገር ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ይህን ሰምቶ አልናቀም። ግንቦት 14 ቀን 1796 በእነሱ አቆጣጠር፣ ሣራ ኔልምስ ከምትባል አላቢ እጅ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ፣ የአትክልተኛውን የስምንት ዓመት ልጅ ጄምስ ፊፕስን ክንዱን ጫር አድርጎ ከተበው። በሐምሌ ደግሞ የሰው ፈንጣጣ ራሱን ሰጠው። ልጁ አልታመመም። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሐኪም ፈቃዱን ይነጠቃል፤ ይነጠቅም።

መኖሪያ ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው። ግቢው ውስጥ በሻካራ እንጨት የተሠራች ጎጆ አለች። ጄነር ድሆችን በነፃ የሚከትበው እዚያ ነበር። እኔም ገጠር ስሠራ ከዚያች ባልተሻለች ክፍል ስንቱን ከትቤአለሁ! በሯ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ልጄ ሕፃኑን አቅፋ አጠገቤ መጣችና “የልጁ እናት ግን እንዴት አስቻላት?” አለች።

ያኔ ስለ አክስቴ ነገርኳት። ፈንጣጣ ፊቷን ቦርቡሮ፣ አንድ ዓይኗን አጥፍቶ የተዋት የእናቴ እህት፣ ፎቶ ተነሺ ሲሏት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ትስብ ነበር። በአገራችንም ከበሽተኛ ቁስል ወስደው የሚከትቡ ባለሙያዎች እንደነበሩ፣ አንዳንዱ ሲድን አንዳንዱ በዚያው እንደሚሞት ነገርኳት። በ1971 እ.ኤ.አ. የማጥፋቱ ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር ከታቢዎች በእግር፣ በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር እየዞሩ፣ የመጨረሻው የአገራችን በሽተኛ በ1976 ተገኘ። በዓመቱ ሶማሊያ ውስጥ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው ታየ።

“ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም?” አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጤና ጣቢያ ለሚመጡ እናቶች ጠዋት ጠዋት ስንት ዓመት አስተማርኩ። እሷን ግን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መርፌውን ወጋኋት እንጂ አንድ ቀን አስረድቻት አላውቅም። የነርስ ልጅ ስለሆነች የምታውቅ መስሎኝ!

ስንመለስ መኪና ውስጥ የጥያቄ መዓት አወረደችብኝ። ትኩሳት ቢመጣስ? ሁለት መርፌ በአንድ ቀን አይበዛም? የማውቀውን መለስኩ፤ የቀረውን ለነርሷ እንድታቀርብ በወረቀት አስጻፍኳት።

ሐሙስ ዕለት ሄድን። ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ እጄ ሳላዘው የሕፃኑን እግር ሊይዝ ተዘረጋ። “አንቺ ቁጭ በይ እማዬ” ብላ ልጄ ራሷ ያዘችው።