ያልተቀረቀረ በር

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ ወልቂጤ ላይ መብራት ጠፋ። ኮምፒዩተሮቹ ጨልመው፣ ደንበኞቻችን ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሲጠብቁ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመስኮቴ ፊት ቆማ ነበር። ከገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ያስቀመጥሁትን መጽሐፍ አይታ ኖሮ «ጋሼ፣ የሚያስፈራ ልብ ወለድ ያውቃሉ? እንቅልፍ የሚነሣ» አለችኝ። የገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ ገልብጬ በጀርባው ልጽፍላት ብዕር አነሣሁ። አንድም ርእስ ሳልጽፍ መብራቱ መጣ፤ ወረፋውም ተንቀሳቀሰ። «ነገ ተመለሺ» አልኋትና ቅጹን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። በአማርኛ መደርደሪያችን ላይ የፍቅሩ፣ የታሪኩ፣ የስለላው ልብ ወለድ ሞልቶ ሳለ «አስፈሪ» ተብሎ በራሱ ስም የሚጠራ መደብ ግን ጎልቶ አይታይም። እኛ ፍርሃትን የተማርነው በጆሯችን ነው፤ እሳት ዳር፣ በጅብና በቡዳ ወሬ። በጉራጌ ምድር ደግሞ ሌባን በመብረቅ ይቀጣል ተብሎ ይፈራ የነበረው ቦዠ አለ። ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ ድራኩላን ቢያነብ ከመፍራት ይልቅ የሰውየውን ግንብ ስፋት ያደንቃል። እኔ አድንቄያለሁ።

ከውጭዎቹ ቀድሞ የመጣልኝ አንድ አጭር ልብ ወለድ ነው፤ እንግሊዛዊው ደብሊው ደብሊው ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1902 ያሳተመው «የዝንጀሮ መዳፍ»። ተማሪ ሳለሁ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ በገዛሁት፣ ሽፋኑ በተገነጠለ መድበል ውስጥ ነው ያገኘሁት። ሦስት ምኞት ይፈጽማል የተባለ የደረቀ የዝንጀሮ መዳፍ በአንድ ሽማግሌና በሚስቱ እጅ ይገባል። ሽማግሌው ሁለት መቶ ፓውንድ ይመኛል። በማግስቱ ልጃቸው የሚሠራበት ድርጅት መልእክተኛ ይመጣል፤ ልጁ በማሽን ተይዞ ሞቷል። ካሳ ተብሎ የሚሰጣቸውም ሁለት መቶ ፓውንድ ነው፤ አልተረፈም፣ አልጎደለም። ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው ነኝና የሂሳቡ ልክ መሆን እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

ከቀብሩ በኋላ እናት ባሏን አስገድዳ ልጇ እንዲመለስ ታስመኘዋለች። ሌሊት በሩ ይንኳኳል። ልትከፍት ትሮጣለች፤ የላይኛው መቀርቀሪያ ግን አልደረስ ይላታል። አባት በበኩሉ በጨለማ ወለሉን እየዳበሰ መዳፉን ይፈልጋል፤ አግኝቶም የመጨረሻ ምኞቱን ይመኛል። ማንኳኳቱ ጸጥ ይላል። በሩ ሲከፈት መንገዱ ባዶ ነው።

ጄኮብስ አንባቢውን በአባትየው በኩል ያቆመዋል፤ በሩ ባይከፈት ይሻላል ያሰኘዋል። እኔ በዚያ በኩል መቆም አልሆነልኝም። የልጅነት ክረምቶቼን ያሳለፍሁት በሩ በማይቀረቀር ቤት ነውና።

አያቴ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ የዘቢዳር ተራራ ከሚታይበት መንደር ትኖር ነበር። የቤቷ ደጅ ጀፎረው ነው፤ ጓሮው እንሰት። ትምህርት ሲዘጋ ወደ እርሷ እላካለሁ። ማታ ቆጮው ተበልቶ፣ እሳቱ ከተዳፈነ በኋላ፣ በሩን ገርበብ ታደርገዋለች እንጂ አትቀረቅረውም። ጅቡ ከእንሰቱ ማዶ ሲያሽካካ እኔ ጋቢዬ ውስጥ እጠቀለላለሁ። አንድ ሌሊት አላስችል ብሎኝ «እማማ፣ ለምን አትዘጊውም?» አልኋት።

«አጎትህ ሲያመሽ ማንኳኳት ያፍራል» አለችኝ።

አጎቴ ያመሸው በ1970 ዓ.ም. ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በቀይ ሽብር ወራት ከወሰዱት ወዲያ ሬሳውም ወሬውም አልመጣም። እኔ ስጠይቃት ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር።

አሜሪካዊው እስጢፈን ኪንግ የጄኮብስን ጥላ የተከተለበትን «ፔት ሴመታሪ» ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። አንድ ሐኪም በመኪና የተገጨ ትንሽ ልጁን፣ ሙታንን ይመልሳል በተባለ መሬት ይቀብረዋል። ልጁ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ያ ልጅ አይደለም። እጅግ ያስፈራል፤ ልጆች ያላችሁ ባታነቡት እመርጣለሁ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታተመ። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ይሄዳል፤ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር ይዋደዳል፤ ዙሪያውን ሰላይና ሴራ ነው፤ መንገዱም ናቅፋ ተራሮች ላይ ያደርሰዋል። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው ከሹመቱ ተሰናበተ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መኪናው ተገኘች፤ እርሱ አልተገኘም። በኪንግ መጽሐፍ የሚያስፈራው የሄደው መመለሱ ነው። የአያቴ ፍርሃት ሌላ ነበር።

«ኦሮማይ»ን አስፈሪ ልብ ወለድ ነው ብዬ ብሰጣት ልጅቷ ትታዘበኝ ይሆን? አስቤበታለሁ። ነገር ግን መጨረሻውን አንብቦ፣ ዘግቶ፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም መልሶ ማየት ያውም ሌሊት፣ ብቻ ለብቻ፣ ቀልድ አይደለም። (በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ስለ ታተመ አማርኛ ለማያነቡ የባሕር ማዶ ልጆቻችንም ደርሷል።)

ሁለት ሌሎች ጨመርሁ። የአገራችን ልጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝኛ ያሳተመው «አፈርሳታ» አለ። በጉራጌ መንደር የአንድ ሰው ጎጆ በሌሊት ይቃጠላል፤ ሕዝቡ ማን እንዳቃጠለው ለማውጣት ለአፈርሳታ ይሰበሰባል። እንደ ወግ ረጋ ብሎ የሚነበብ ነው። ሆኖም እሳቱን የለኮሰው ሰው አብሮ ተቀምጦ ሊሆን እንደሚችል ካሰባችሁ በኋላ እድር ላይ የጎረቤታችሁን እጅ ማየታችሁ አይቀርም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አጋፋሪ እንደሻውም ከሞት ሲሸሽ ያስቃል፤ ለሷ ግን ከሳቁ በኋላ ላለው ጸጥታ ስል ጻፍሁት።

በማግስቱ ተማሪዋ መጣች። ቅጹን በመስኮቱ ሥር አሾለክሁላት። አነበበችውና «ከሁሉ የሚያስፈራው የትኛው ነው?» አለች። ከኋላዋ ሰው ነበር፤ «ከላይ ጀምሪ» ብያት ቀጣዩን ጠራሁ።

ወረፋ ባይኖር ይህን እነግራት ነበር። አያቴ ያረፈችው በ1996 ዓ.ም. ነው። የቀብሩ ዕለት ማታ ለቀስተኛው ተበትኖ ቤተ ዘመዱ እዚያው አደርን። እሳቱ ሲዳፈን አባቴ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ለብዙ ዓመት ያልተነካው መቀርቀሪያ አልገባ ብሎ አስቸገረው፤ በእጁ መዳፍ ደጋግሞ መታው፤ በመጨረሻ ገባ። ከእንግዶቹም፣ ከአክስቶቼም ቃል የተናገረ አልነበረም። አባቴ ተመልሶ ተኛ። እኔ እስኪነጋ ድረስ ጆሮዬን ከበሩ ላይ አላነሣሁም።