የእንጆሪ ትርጉም

እናቴ ለንደን የገባችው በፍልሰታ ዋዜማ ነው። በማግስቱ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ለአያቷ በገዛ እጇ ኬክ ጋገረች፤ ክሬም ቀብታ፣ ስትሮበሪ ደርድራበት። እናቴ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አሸተተችው፤ መረቀችና መለሰችላት።

«ጾም ነው የኔ እናት። ሲፈታ እበላልሻለሁ።»

እኔ ተረጎምኩ። ልጄ ግን የሰማችው ሌላ ነገር ኖሯል። ማታ ደህና እደሪ ልላት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «አያቴ አልወደደችኝም» አለችኝ።

በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ቤት እንዲህ ነው። አያት የሚያውቁት አማርኛ ብቻ፣ የልጅ ልጅ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ብቻ፤ መሐል ላይ አስተርጓሚ አለ። አስተርጓሚው ደግሞ ከሥራ ደክሞ የሚገባ ሰው ነው። አያት አምስት ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ ለልጁ የሚደርሰው አንዱ ነው።

ያስታረቀን እሾህ ነው። ቅዳሜ ዕለት ሦስታችን በቦዩ ዳር ስንናፈስ እናቴ ድንገት ቆመች። «ውይ! እንጆሪ!» አለች። ለዓመታት ስመላለስበት ልብ ያላልኩት ቁጥቋጦ ፍሬው ጠቁሮ ተንዠርጓል። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ገባችበት። ቀዩን ትተሽ ጥቁሩን፣ ውሻ ከሚደርስበት ዝቅታ ሳይሆን ከፍ ካለው ልቀሚ እያለች በእጇ ስታሳያት፣ ልጄ ያለ አስተርጓሚ ገባት።

«ብላክቤሪ» ትላለች ልጄ። «እንጆሪ» ትላለች እናቴ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። የአገራችን ደጋ እንጆሪና የእንግሊዙ ብላክቤሪ ዕፅዋት አጥኚዎች ሩበስ የሚሉት የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። ራስበሪም ከዚያው ነው። እኛ ስትሮበሪውንም ጨምረን ሁሉንም እንጆሪ ብለን ገላገልነው።

ለቅመን ስናበቃ ታዲያ ምን ይሠራበት? ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ያን ጊዜ እንግሊዞች በበጋ የሚሠሩት ሳመር ፑዲንግ ትዝ አለኝ። የሚፈልገው ፍሬ፣ ስኳርና ያደረ ነጭ ዳቦ ብቻ ነው። ከላዩ የሚፈሰውን ክሬም ከተዉት የለየለት የጾም ምግብ ነው። ዳቦ ልንገዛ ስንገባ ልጄ የማሸጊያውን ጽሑፍ እያነበበች ወተት ያለባቸውን ሁለት ዳቦዎች ወደ መደርደሪያቸው መለሰች። እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው አልነበረም።

አሠራሩ ቀላል ነው። 800 ግራም ያህል ፍሬ (ላነሰን ራስበሪ ገዝተን ሞላን) ከ100 ግራም ስኳር ጋር እሳት ላይ ይጣዳል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ጭማቂው እንዲወጣ ነው እንጂ ማርማላታ እንዲሆን አይደለም። ስምንት ያህል ቁራጭ ዳቦ ጠርዙ ተቆርጦ፣ ጭማቂው ውስጥ ነከር እየተደረገ የጎድጓዳ ሳህን ውስጡን ያለ ክፍተት ይለበጥበታል። ፍሬው ይገባና በዳቦ ይከደናል። ከላይ ትንሽ ሳህን ይደፋበትና ክብደት ይጫንበታል፤ እኛ ሁለት የቲማቲም ቆርቆሮ ጫንን። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ትኩስ ዳቦ ይላቁጣል፤ ያደረው ግን ጭማቂውን ጠጥቶ ቅርፁን ይይዛል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጄ ገለበጠችው። ነጩ ዳቦ ጠፍቶ የወይን ጠጅ መልክ ያለው ጉልላት ወጣ። እናቴ አማትባ ቀመሰች። ዝም አለች። ከዚያ አንኮበር ስላደገችበት ዘመን ማውራት ጀመረች።

«እኛኮ ይህን የምንበላው ወደን አልነበረም። እህል ሲያልቅ፣ ከብት ስንጠብቅ እየለቀምን ሆዳችንን እንሞላለን፤ ማታ ቤት ገብተን ራበን እንዳንል። እናቴ ከንፈራችን መጥቆሩን ታያለች። አይታ ምንም አትልም። አንድ ቀን ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አየኋት።»

«ምን አለች?» አለች ልጄ።

«ልጅ ሆና ከብት ስትጠብቅ እንጆሪ ትለቅም ነበር» አልኳት።

እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ርዝመት ግን ታውቃለች። «ያን ሁሉ ተናግሬ፣ ይህቺን ብቻ?» አለችኝ።

ለምን እንዳሳጠርኩት አውቀዋለሁ። ቢቢሲ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረምን ረሃብተኞች ለዓለም ካሳየ ወዲህ፣ በዚህ አገር ከኢትዮጵያ ነኝ ስል ስንት ጊዜ ከንፈር ተመጦልኛል። ስለዚህ ለልጄ አገሯን መርጬ ነው የምሰጣት፤ የሐበሻ ቀሚሱን፣ ቡናውን፣ አበባየሆሽን። ረሃቡን ጎረቤት ቀድሞ ይነግራታልና ከእኔ አትስማው ብዬ። ግን ከአያቷ አፍ፣ ከጓዳ ልቅሶው ጋር ብትሰማውና ከቴሌቪዥን ብትሰማው አንድ ነው? አይደለም።

እንደገና ተረጎምኩት፤ ልቅሶውም ሳይቀር።

ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እንደዚያ ተርባ ከሆነ፣ አሁን በፈቃዷ ለምን ትራባለች?»

ይህንንም ተረጎምኩ። እናቴ ጥያቄው ደስ አላት። «ያኔ አጥቼ ነው፤ አሁን ወድጄ ነው። እሷም ታውቀዋለች። ትናንት ሁለት ዳቦ የመለሰችው ገንዘብ አጥታ ነው እንዴ?»

ልጄ ስትሰማው ሳቀች። የቀረውን ፑዲንግ ለሁለት ከፍላ ትልቁን ለአያቷ ሰጠች።

ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ክሬም የተቀባው ኬክ እንደገና ተጋገረ። እናቴ በቃሏ መሠረት በላች፤ ጨምሪልኝም አለች። ልጄ ወደ ኩሽና ስትሮጥ ጠብቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ያኛው ይሻላል» አለችኝ።

ይህቺን አልተረጎምኩም።