በኳርትዝሳይት በረሃ የፀሐይን ኃይል መዝኖ ስለ መግዛት

በአሜሪካ አገር፥ በአሪዞና ግዛት፥ ከፊኒክስ ከተማ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ኳርትዝሳይት የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። በአጠገቧ ያለው ጠጠራማ በረሃ የመንግሥት መሬት ሲሆን፥ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ቀን ድረስ ፈቃድ ከፍሎ ለመስፈር ለሚፈልግ ሰው ክፍት ነው። የሰሜኑን ብርድ የሚሸሹ ብዙ ጡረተኞች፥ አልጋና ምድጃ፥ ማቀዝቀዣም ያለበትን አር ቪ የተባለውን መኖሪያ መኪና እየነዱ በየዓመቱ ይሰፍሩበታል። በሜዳው የኤሌክትሪክ መስመር ስለሌለ፥ በየመኪናው ጣሪያ ላይ የሶላር ሰሌዳ ተዘርግቶ ይታያል።

በከተማይቱ መቃብር ስፍራ፥ በጫፉ የግመል ምስል የቆመበት ባለ ሾጣጣ ራስ የድንጋይ ሐውልት አለ። በ1935 እ.ኤ.አ. የተሠራው ለሐጂ ዓሊ መታሰቢያ ነው። ይህ ሰው በ1856 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር ለበረሃ ጭነት ካስመጣቸው ግመሎች ጋራ የመጣ ግመል ነጂ ሲሆን፥ በ1902 እ.ኤ.አ. በዚያው አረፈ። የዚያ ዘመን መንገደኛ ጭንቀት ውኃው እስከሚቀጥለው ጕድጓድ ይበቃ እንደ ሆነ ነበር፤ የዛሬው ሰፋሪ ጭንቀት ደግሞ ኃይሉ ከማታ እስከ ጧት ይበቃ እንደ ሆነ ነው።

በጥር ወር ስፍራውን ስንጐበኝ ያነጋገርናቸው አንድ ሽማግሌ፥ «ባለቤቴ ኢንሱሊን ትወስዳለች፤ ባትሪው ሌሊት ቢያልቅ የሚበላሸው ምግብ ብቻ አይደለም» አሉን። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበትና፥ ለእኒህ ባልና ሚስት የሶላር ምርጫ የጤና ጕዳይ ነው። ስለዚህም ሰሌዳ ከመግዛታቸው በፊት ፍጆታቸውን በወረቀት ላይ አሰፈሩ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ ዕቃ የሚወስደው ዋት በሚሠራበት ሰዓት ይባዛል። 50 ዋት የሚወስድ ማቀዝቀዣ በቀንና በሌሊት በድምሩ 12 ሰዓት ቢሠራ 600 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 5 ዋት አራት መብራቶች ለ5 ሰዓት 100፥ ስልክና ትንሽ ኮምፒዩተር 150፥ የውኃ መግፊያና ማራገቢያ 50 ቢወስዱ፥ ድምሩ 900 ዋት ሰዓት ነው። 1500 ዋት የሚወስድ የአየር ማቀዝቀዣ ግን በ8 ሰዓት ብቻ 12000 ዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህንን የሚመግብ ሰሌዳ በተራ መኪና ጣሪያ ላይ አይበቃም። ሙቀት ሲመጣ ሰፋሪው በረሃውን ለቆ የሚሄድበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚመዘነው ፀሐይዋ ናት። በታኅሣሥ ወር በቀትር፥ በአዲስ አበባ ፀሐይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ስትል፥ በኳርትዝሳይት ከ33 ዲግሪ አትበልጥም። ስለዚህ በጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ የተኛ ሰሌዳ በዚያ ወራት በቀን የሚያገኘው ከሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ጋራ የሚተካከል ብርሃን ነው። 400 ዋት በሦስት ሲባዛ 1200 ይሆናል፤ ሩቡ በሙቀት፥ በሽቦና በአቧራ ቢባክን 900 ይተርፋል። ሰሌዳውን ወደ ደቡብ አዘንብሎ ማቆም ግን ምርቱን በብዙ ይጨምራል። ሕዋሳቱ በተከታታይ የተያያዙ ስለ ሆኑ፥ ትንሽ ጥላ እንኳ ቢያርፍበት ከጥላው ስፋት የበለጠ ኃይል ያጐድላል።

ስለ ባትሪ ደግሞ፥ ለአንድ ደመናማ ቀን ጭምር እንዲበቃ 1800 ዋት ሰዓት ይፈለግ እንበል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ስለማይወሰድለት፥ ባለ 12 ቮልትና ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሦስት ያስፈልጋሉ፤ ክብደታቸውም 90 ኪሎ ያህል ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ግን ሁለት ይበቃሉ፤ ክብደታቸው 25 ኪሎ ያህል ሲሆን፥ ዋጋቸው ቢከብድም ለብዙ ዓመታት ያገለግላሉ። ነገር ግን ይህ ዓይነት ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ቢደረግ ይጐዳል፤ እንደ ፍላግስታፍ ወዳለ ብርዳም ደጋ የሚወጣ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ኤም ፒ ፒ ቲ የሚባለው የቻርጅ መቆጣጠሪያ ፒ ደብልዩ ኤም ከሚባለው ይወደዳል፤ ከሰሌዳው የሚያወጣው ኃይል ግን የበለጠ ነው። ኢንቨርተር ያለ ሥራ በርቶ ቢቆይም ባትሪ ስለሚበላ፥ በ12 ቮልት የሚሠራውን ዕቃ በቀጥታ ከባትሪው ማገናኘት ይሻላል። ሽቦው ለሚሸከመው አምፔር የሚበቃ ውፍረት ይኑረው፤ ፊውዝም ከባትሪው አጠገብ ይግባ፤ ቀጭን ሽቦ ግሎ መኪናውን ከነሰዎቹ ሊያቃጥል ይችላልና።

ሽማግሌው ሰማዩ ሲደምን ኮምፒዩተሩን፥ ቀጥሎ ማራገቢያውን ያጠፋሉ፤ ማቀዝቀዣው ከሁሉ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብም ወደ ገበያ ከመሄዱ አስቀድሞ፥ የማይጠፋው ዕቃ የትኛው እንደ ሆነ በአንድነት ተመካክሮ በመዝገቡ መጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፈው።